ደጉ ያስነሳው ሟች

ደጉ እንግሊዝኛ አዋቂ ነው ተብሎ በልደታ የተወራለት ገና ሆቴል ቤት ሲሠራ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ በነበረ አንድ ትልቅ ሆቴል ብዙ ዓመት በአስተናጋጅነት ሠርቷል። ነጭ ኮት ለብሶ፣ ጥቁር ክራቫት አስሮ በሰፈሩ ሲያልፍ ሴቶች ልጆቻቸውን እንደሱ ተማሩ ይሏቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ደጉ የሚያውቀው እንግሊዝኛ የምግብና የመጠጥ ነው። ሾርባው ቀዝቅዟል ሲሉት ይገባዋል። ሥጋው በደንብ ይብሰልልኝ ሲሉት ይገባዋል። ሒሳብ ሲፈልጉማ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ከዓይናቸው ያውቃል። ወሬው ከዚያ ካለፈ ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ፈረንጆቹም ይህን ፈገግታውን ይወዱለት ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ እንግዳው ሳሳ፤ ደጉም ከሆቴሉ ወጥቶ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና የሚያድል ሠራተኛ ሆነ። ነጩ ኮት ቀረ፤ የእንግሊዝኛው ዝና ግን አልቀረም። የታመመ ሰው የመድኃኒት ብልቃጥ ይዞ መጥቶ እስቲ አንብብልኝ ይለዋል። ደጉ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አዞር ያደርግና «ከምግብ በኋላ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል።

ከሊፋ የሚባለው የሰፈሩ ሰው ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ላይ ቪዲዮ ቤት የከፈተ ጊዜ ታዲያ ተርጓሚ ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ አላከራከረም። ከሊፋ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። የጨርቁ ሥራ ሲቀዘቅዝበት የቆርቆሮ መጋዘኑን አጸዳና አግዳሚ ወንበር ደረደረበት፤ ጅዳ ያለ ወንድሙ የላከለትን ቴሌቪዥንና ማጫወቻ ከፊት አስቀመጠ። አላፊ አግዳሚውን እንዲጠራለት ከውጭ ግድግዳው ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቀለ። ደጉ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ማይክሮፎን ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆማል። ቀበሌው ቤቱን ሲፈቅድ አንድ ነገር አሳስቦ ነበር፤ ፊልሙ ሲያልቅ ጠንካራና ደካማ ጎኑ ለሕዝቡ ይነገር ብሎ። በዚያን ዘመን ስብሰባ ያልለመደ፣ ሂስ ያልሰማ ሰው አልነበረምና ይህ ለማንም እንግዳ አልሆነም። ለደጉማ እንደ ሹመት ነበር። ሰው ከመቀመጫው ሳይነሳ አፉን ሲጠብቅ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ «የፊልሙ ጠንካራ ጎን» ብሎ ሲጀምር፣ ነጩን ኮት እንደገና የለበሰ ያህል ይሰማው ነበር። ካራቴም ሆነ የህንድ ፊልም አላስቸገረውም። ጠቡን የሚጣላው፣ ለቅሶውን የሚያለቅሰው ራሱ ያሳያል። የጎደለውን ደጉ ከራሱ ይሞላል።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከጅዳ አንድ አዲስ ካሴት መጣ። አክተሩ ግራጫ ካባ ለብሶ እንደ አሞራ የሚበር ሰው ነው። ባቡር በእጁ ያቆማል፤ ጥይት አይበሳውም። አንድ ታናሽ ወንድም አለው። ይህ ታናሽ ወንድም ድልድይ ሲፈርስ ይሞታል፤ አክተሩ ደርሶ የሚያገኘው ሬሳውን ነው።

እስከ ቀብሩ ድረስ ለደጉ ሁሉም ነገር ቀላል ነበር። እናትየዋ ትልቁ ልጇ መርዶውን ነግሯት ስትወድቅ ተርጓሚ አያስፈልግም። ደጉ ግን «ልጄን ስጡኝ ትላለች» አለና ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ አክተሩ እየጮኸ ከደመና በላይ ወጣ፤ ወጣና ምስሉ ሁሉ ተዛባ። የወደቀው ድንጋይ ወደ ላይ ይነሳል። ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል። መኪናው፣ ሰዉ፣ ውሻው የኋሊት ይሄዳል። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ደጉ በማይክሮፎኑ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ካሴቱ ወደ ኋላ እየሄደ ነው ብሎ ተናገረ። ከሊፋ ሮጦ መጥቶ ማጫወቻውን በመዳፉ መታው። ወዲያው ምስሉ ተስተካከለና ሰው ለከሊፋ አጨበጨበለት።

ምስሉ ሲስተካከል ግን የተቀበረው ልጅ ቁርስ ቀርቦለት፣ ዳቦ ላይ ቅቤ እየቀባ ነበር።

ከኋላ አንድ ሰው ይሄ ልጅ ሞቶ አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቀ። ደጉ ጆሮውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዘነበለ። እናትየዋ እየሳቀች ቶሎ ቶሎ ትናገራለች፤ ከዚያ ሁሉ ንግግር እሱ የያዘው ዳቦ የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ሰው ይጠብቃል። ዝም ብሎ መቆም አልቻለም።

«መርዶው ውሸት ነበር» አለ። «የተቀበረው ሌላ ሰው ነው። ልጇ በሕይወቱ ተመልሶላት ዳቦ ብላ ትለዋለች።»

ጭብጨባውና እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። ደጉ እንዲያ ተጨብጭቦለት አያውቅም። መጨረሻ ላይ አክተሩ በዝናብ መጥቶ የእናቱን በር ሲያንኳኳ፣ እሷም ከፍታ አየት አደረገችውና አንዲት አጭር ነገር ተናግራ በሩን ስትዘጋበት፣ ደጉ አላመነታም። «ውሸተኛ መርዶ ነጋሪ፣ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ አለችው» ብሎ ተረጎመ። ቀጥሎም ጠንካራና ደካማ ጎኑን ተናገረ። ጠንካራ ጎኑ እናት ተስፋ መቁረጥ እንደሌለባት ማስተማሩ ነው። ደካማ ጎኑ ልጁ ያን ሁሉ ጊዜ የት እንደ ነበር አለማሳየቱ፣ አክተሩም ይቅርታ ሳይጠይቅ በዝናብ መሄዱ ነው። ቅጂውም መጥፎ ነው።

ከድምፅ ማጉያው ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፈው ሽንኩርትና ቲማቲም የሚቸረችሩ እትዬ ዲንቄ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው አምሳሉ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ቆይቷል። ከፋሲካ በኋላ የዕድሩ ዳኛ አቶ ኃይለሚካኤል ጎረቤት አስከትለው ማለዳ በራቸውን አንኳኩተው መርዶውን ነገሯቸው። እትዬ ዲንቄ ፀጉራቸውን ተላጭተው ጥቁር ለብሰዋል፤ ወደ ጉልታቸው ከተመለሱ ገና ብዙ አልሆናቸውም። ቪዲዮ ቤት ገብተው አያውቁም። የደጉን ድምፅ ግን ከላያቸው ይሰሙታል።

በማግስቱ ኅብረት ሱቅ መጡ። ሳሙናቸውን ተቀብለው አልሄዱም። ሰልፈኛው እስኪሳሳ ጥግ ይዘው ቆዩና ወደ ደጉ ጠጋ አሉ።

«ደጉ፣ ትናንት ያልከው በእውነት ይደርሳል?»

«ምኑ፣ እትዬ?»

«ሞተ ተብሎ የሚመጣው።»

ደጉ ቀና ብሎ አያቸው። ጥቁሩን ልብስ አየ። ያን ጊዜ አላውቅም ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን ከጎኑ የቆሙት ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ምን ሊል ነው ብለው ይጠብቁታል፤ እሱም ሰው ሲጠብቀው ዝም ማለት የማይችል ሰው ነው።

«ውጭ አገር ብዙ ጊዜ ይደርሳል» አላቸው። «ጦርነት ላይማ አንዱ በሌላው ስም ይቀበራል።»

እትዬ ዲንቄ ዕድሜ ይስጥህ ብለውት ወጡ። ደጉም መልካም ነገር የሠራ መስሎት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ዋለ።

ሳምንት ሳይሞላ እትዬ ዲንቄ ጥቁሩን አውልቀው ነጭ ነጠላ ለበሱ። የአምሳሉን ፍራሽ ፀሐይ ላይ አሰጡ። ሰፈሩ ግራ ገባው። አቶ ኃይለሚካኤል እንደ ልማዳቸው ሊጠይቋቸው ሲሄዱ እትዬ ዲንቄ ደጃፉ ላይ ቆመው አላስገባም አሏቸው። ይህን ለደጉ የነገረችው ሚስቱ ፀዳለ ናት፤ እራት እየበሉ ነበር።

«ምን እንዳሏቸው ታውቃለህ? ውሸተኛ መርዶ ነጋሪ፣ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ። እኒያን ለመሰሉ ሽማግሌ። ከየት አመጡት ይሄን ንግግር?»

ደጉ እጁን ከትሪው አነሳ። ለራሱም ፊልሙ ያለውን ነው የተናገርኩት አለ። በዚያች ሌሊት ይህን ለራሱ ደጋግሞ መንገር ነበረበት።

ከሊፋ ደግሞ ማሽኑ ካሴቱን እንዳይበላበት ፈርቶ ነበርና የሚቀጥለው እሑድ ከመድረሱ በፊት ደጉን አስከትሎ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ወደሚጠግነው ወደ በከር ሄደ። በከር ማጫወቻውን ፈታ፣ ጠረገ፣ ገጠመ። ምንም አላገኘበትም። ካሴቱን ከተተና ወንዙ ሽቅብ እስከሚፈስበት ድረስ አሳለፈው። ያው ነው። በሌላ ማሽን ሞከረው፤ አሁንም ያው።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው» አለ በከር። «ፊልሙ ራሱ ነው እንዲህ የተሠራው።»

ከሊፋ ለሶላት ወጣ። ደጉ ዱካ ላይ ተቀምጦ ካሴቱን ከመጀመሪያው ማየት ጀመረ። በእጁ ማይክሮፎን የለም። ከፊቱ አፉን የሚጠብቅ ሰው የለም። ፊልም ዝም ብሎ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

አክተሩ ከደመና በላይ ሲወጣ ከሥሩ አንድ ትልቅ የግንብ ሰዓት ይታያል፤ ቆጣሪዎቹ ወደ ኋላ ይዞራሉ። ይህን ደጉ ከዚህ በፊት አላየውም፤ ያኔ ስለ ማሽኑ እየተናገረ ነበር። ልጁ ቁርስ የሚበላበት ጠዋት፣ ፊልሙ ሲጀምር የታየው ያው ጠዋት ነው። ያችው ቀይ ቀሚስ፣ ያው የፈሰሰ ወተት። እሑድ ዕለት ደጉ ሴትየዋ ዛሬም ወተት ደፋች፣ ዝርክርክ ናት ብሎ ሰውን አስቆ ነበር። አሁን ነገሩ ሁሉ ቀስ እያለ ገባው። መርዶው ውሸት አልነበረም። ልጁ ሞቶ ነበር። አክተሩ ጊዜን ራሱን መለሰው፤ ወንድሙን ከድልድዩ አስቀረው፤ ለዚህ በከፈለው ዋጋም እሱ ራሱ ጭራሽ እንዳልተወለደ ሆነ። በዝናብ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ እናቱ ከፍታ አየችው፤ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ተናገረች፤ ዘጋችው። ሦስቱን ቃል ደጉ አሁን ጥርት አድርጎ ሰማቸው። ማንኛውም ተማሪ የሚያውቃቸው ናቸው። ማን ነህ ነው ያለችው።

በከር ብየዳውን አቁሞ አብሮት ያይ ነበርና ጥሩ ፊልም ነው አለ። ደጉ ግን ጆሮው ድረስ ግሎ ነበር። በሕዝብ ፊት ለፊልሙ የዘረዘረለት ደካማ ጎን አንድም ሳይቀር የራሱ ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን ግን በከር አጠገብ ተቀምጦ ራሱን ይታዘብና ያበቃ ነበር። ከፊቱ የሚመጡበት ነጭ ነጠላ የለበሱት እትዬ ዲንቄ ነበሩ።

እሑድ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ የእናቲቱ ወሬ ተዳርሶ ከሩቅ ሰፈር የመጣም ነበር። ደጉ ለከሊፋ ላስተካክለው ነው፣ ነገሩ ሌላ ነው አለው። ከሊፋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ነጋዴ ነው። ሰዉ የመጣው ለዚያች እናት እልል ሊል ነው፣ አታስለቅስብኝ ብሎ ለመነው። ደጉ ቢሆንም እናገራለሁ ብሎ ማይክሮፎኑን ያዘ። ልጁ ዳቦውን ቅቤ ሲቀባ በተከፈተው በር ወደ ውጭ አየ። እትዬ ዲንቄ ሽንኩርታቸውን ትተው ተነስተዋል። ፊታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው ቀና አድርገው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«መርዶው ውሸት ነበር» አለ ደጉ።

በፊተኛው እሑድ ሳያውቅ ነበር የተናገረው። አሁን እያወቀ ነው። እልልታው ሲቀልጥ ዓይኑን ከበሩ አነሳ። ፊልሙ ሲያልቅ ሰው ጠንካራና ደካማ ጎኑን ሊሰማ ቢጠብቅ ራሴን አሞኛል ብሎ በኋላ በር ወጣ፤ በእትዬ ዲንቄ በኩል ላለማለፍ ብሎ በጭቃው ዞሮ ቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላ ኅብረት ሱቅ ውስጥ እሳቸው ሲመጡ ወደ ጓዳ ይገባል፤ ሌላ ሰው ይስጣቸው ይላል። ነገ እነግራቸዋለሁ ይላል፤ ነገ ሲመጣ ሰው በዝቷል ይላል። እንዲህ እያለ ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ፀዳለ እትዬ ዲንቄ አልጋቸውን እየሸጡ መሆኑን ነገረችው። ወደ ሰሜን በሚሄድ መኪና ተሳፍረው፣ ጦሩ ያለበት ድረስ ሄደው ልጃቸውን ሊፈልጉ ነው። መንገዱ በየቦታው ጦርነት ነው፤ ይሞታሉ እኮ አለች ፀዳለ። ቢነግሯቸውም አይሰሙም፤ ደጉ ብሎኛል ነው የሚሉት።

ደጉ ተነሳና አቶ ኃይለሚካኤል ቤት ሄደ። አቶ ኃይለሚካኤል በልደታ ፍርድ ቤት በዘበኝነት አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ብዙ ሰው ሲያምን፣ ብዙ ሰው ሲክድ ሰምተዋል። ደጉ ቆሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። እንግሊዝኛ እንደማይችል ሳይቀር ነገራቸው። እሳቸው ሲሰሙ ፊታቸው አልተለወጠም። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ አከሉለት፤ ቆስሎ የተመለሰ የአምሳሉ ጓደኛ እዚሁ እሳቸው ቤት መጥቶ በገዛ እጁ እንደ ቀበረው ምሎ ነግሯቸዋል።

ደጉ እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ አለ።

«እኔ አንድ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ» አሉ አቶ ኃይለሚካኤል። «ሁለተኛውን የምትነግራቸው አንተ ነህ።»

በማግስቱ ማለዳ አብረው ሄዱ። አቶ ኃይለሚካኤል ደጄን አትርገጥ ስለተባሉ ከአጥሩ ውጭ ቀሩ። እትዬ ዲንቄ ለመንገድ ለብሰው፣ ጓዛቸውን በአንሶላ ቋጥረው ነበር። ደጉን በማለዳ ደጃፋቸው ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«ተገኘ እንዴ? ሰማህ?»

ደጉ የተዘጋጀበት ንግግር ሁሉ ጠፋው።

«እንግሊዝኛ አልችልም፣ እትዬ» አለ።

አልገባቸውም። ምን አገናኘው ብለው አዩት። እሱም መሬት መሬት እያየ ነገራቸው። ፊልሙ እሱ እንዳለው እንዳልሆነ፣ ልጁ እውነት ሞቶ እንደ ነበር፣ ወንድሙ ጊዜን ወደ ኋላ እንደ መለሰ፣ ይህም በፊልም እንጂ በሌላ እንደማይሆን። እትዬ ዲንቄ ሳያቋርጡት ሰሙ።

«ታዲያ በሩ ላይ ምን ነበር ያለችው?» አሉ በመጨረሻ።

«ማን ነህ ነው ያለችው።»

«የገዛ ልጇን?»

«አላወቀችውም።»

እትዬ ዲንቄ ቋጠሯቸው ላይ ተቀመጡ። «የኔስ?» አሉ።

ደጉ ወደ አጥሩ ዞር አለ፤ አቶ ኃይለሚካኤል አልገቡም። የሚነግርለት ሰው አልነበረም።

«አምሳሉ ሞቷል፣ እትዬ። ጓደኛው በእጁ ነው የቀበረው። ጋሼ ኃይለሚካኤል እውነታቸውን ነበር።»

ይጮኹብኛል፣ ይረግሙኛል ብሎ ጠበቀ። እንዲያ ቢያደርጉ በቀለለው። እሳቸው ግን ቀና ብለው ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቁት።

«ያኔ ሱቅ መጥቼ ስጠይቅህ፣ አላውቅም ብትለኝ ምን ነበረበት?»

እትዬ ዲንቄ መልሱን አልጠበቁም። ተነስተው እስከ አጥሩ ሄዱና ለአቶ ኃይለሚካኤል በሩን ከፈቱ፤ ሽማግሌው ትከሻቸውን ሲይዟቸው ነው ለቅሶው የወጣው። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንድ ጊዜ የተቀመጡትን ለቅሶ እንደገና ተቀመጡ፤ ጥቁሩም ተመልሶ ተለበሰ። ደጉ ሦስቱንም ቀን ከበሩ ጎን ቆሞ ለለቀስተኛ ውኃ ሲያቀርብ ዋለ። ማንም ክፉ አልተናገረውም። ውኃውን ሲቀበሉት ግን ዓይን ዓይኑን አያዩትም ነበር።

ቪዲዮ ቤቱን ተወው። ከሊፋ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አመጣና እሱ በትክክል እየተረጎመ ያን ፊልም ደግሞ አሳየው። ሰው አለቀሰ እንጂ አልቀነሰም፤ እንዲያውም እንደገና ሊያዩት የመጡ ነበሩ። ደጉ ይህን የሰማው ከፀዳለ ነው። ደስም አለው፣ አፈረም።

እትዬ ዲንቄ ጉልታቸውን ከዚያ ግድግዳ አንስተው ወደ ልደታ ማርያም አጥር አዛወሩት። ሲገናኙ ሰላምታ አልከለከሉትም። እሱ ነው ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ የሚቀይረው።

በሰማንያ ሦስት ግንቦት መንግሥት ወደቀ። የተበተነው ጦር በየመንገዱ ፈሰሰ፤ እግሩ የቆሰለ፣ ጫማ የሌለው፣ ዳቦ የሚለምን ወታደር ከተማውን ሞላው። እናቶች መንገድ ዳር ወጥተው ቆሙ። ደጉ ከሜክሲኮ በእግሩ ሲመለስ እትዬ ዲንቄን በመካከላቸው አያቸው። በእጃቸው የውኃ ጆግ ይዘዋል። ወታደሩ ሁሉ ሲያልፍ ውኃውን ይሰጡታል፤ እስኪጠጣም ድረስ ፊቱን ያዩታል። ለሁሉም እንደ እናት የሚያደርጉት ይሁን፣ ወይስ አሁንም የሚፈልጉት ሰው አለ፣ ደጉ ሊለየው አልቻለም። አጠገባቸው ሄዶ ጆጉን ሊያግዛቸው አሰበ። ሁለት ሦስት እርምጃም ተራመደ። ከዚያ አንድ ወጣት ጠጥቶ ሲጨርስ ፊቱን ይዘው ወደ ብርሃን ሲያዞሩት አየና ቆመ፤ ተመልሶም በውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ቤቱ ሄደ።

ፀዳለ ምን አቆየህ ብትለው መንገዱ ተዘግቶ ነው አላት።